ንባብ የሌለባቸው ገጾች

ጥቅምት ፬ ቀን

ልጄን ለኩላሊት እጥበት ወስጄ መለስሁ። ደረጃውን ትከሻዬን ተደግፎ ወጣ… እግሩ የጎልማሳ አይመስልም፤ ትከሻዬም የሽማግሌ ነው። ጋደም እንዳለ፣ «አባዬ፣ ቁም ሣጥኑ ላይ ያለውን ካርቶን አውርድልኝ» አለ። በተማሪነቱ ይሰበስባቸው የነበሩ የጀግና ኮሚኮች ናቸው። የፈረንጆቹ ሁለት ሺሕ ዓመት ሊገባ ሲል የታተሙ። ስኳሩ ዓይኑን ስለ ያዘው ሥዕሉም ፊደሉም ጭጋግ ሆኖበታል።

«አንብብልኝ።»

«እኔ?»

«ሌላ አንባቢ አልቀጠርኩም።»

ጥቅምት ፯ ቀን

በማጉያ መነጽር ጀመርን። ሽፋናቸው እንደ ቸኮሌት ወረቀት ያብለጨልጫል። ጀግኖቹ ሁሉ ጥርሳቸውን ነክሰዋል፤ ጡንቻቸው አንገታቸውን ውጦታል። በዚያች ከተማ ፀሐይ ወጥታ አታውቅም፤ ዘወትር ዝናብ። ዋናው ሰው ባለካባው ነው። ጠላቱ ዓመቱ ሲለወጥ የሚነቃ ኮምፒውተር። ያኔ ዓመቱ ሲለወጥ ኮምፒውተር ሁሉ ይበላሻል ተብሎ ፈርተን ነበር፤ ጎረቤታችን ሻማና ባትሪ ሲያከማች ትዝ ይለኛል። የሚያስፈራው ለካ ሌላ ቦታ ተቀምጦ ይጠብቀን ኖሯል…

የቤተ ክህነት ልማድ ሆኖብኝ ሳላውቀው በዜማ ሳላነብ አልቀረሁም።

«አባዬ፣ ኧረ ቅዳሴ አታድርገው! ሰውዬው እየተደበደበ ነው።»

ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ?

ጥቅምት ፲፪ ቀን

ለእጥበቱ ክንዱ ላይ ያበጁለት የደም መስመር ዳግመኛ ተዘጋ። በአንገቱ በኩል ቱቦ አስገቡለት። ነርሷ፣ «አባባ፣ እርስዎ ውጭ ይቆዩ» አለችኝ። በሩ ላይ ቆሜ ጸለይሁ። ጩኸቱ ግን ይሰማል።

ስንመለስ፣ «ብተወውስ?» አለኝ።

«ምኑን?» አልሁ። ምኑን እንደ ሆነ አጥቼው ነው?

ጥቅምት ፲፬ ቀን

የመጨረሻው ቅጽ ላይ ደረስን። ባለካባው የሚናድ ሕንጻ በትከሻው ደግፎ ነዋሪዎቹን ያስወጣል። ገለጥ ገለጥ አድርጌ ቀጠልሁ፦ «ከተማዋ ዛሬ ታለቅሳለች…»

«ዘለልክ።»

«አልዘለልሁም።»

«ታዲያ መቼ ሞተ?»

«ሞተ እንዴ?»

ወደ ኋላ ተመለስሁ። አራት ገጽ። አንዲት ፊደል የለችባቸውም። እንደ ባዶ ቈጥሬ አልፌአቸው ነበር! ከሕፃንነቴ ጀምሮ የተማርሁት ንባብን ነው፤ ከንባቡም ተነሥቶ አንድም እያሉ መተርጐምን። ንባብ ከሌለ ምን ይተረጐማል?

«ቅድምም ስትዘል ነበር» አለ። «የሚሞተውን ሁሉ ሆን ብለህ የምታልፍልኝ መስሎኝ ዝም አልኩ።»

«ኧረ በስመ አብ! ሳላውቅ ነው።»

«እሺ፣ የሚታየውን ንገረኝ።»

አየሁት። ነገ አልሁት።

ጥቅምት ፲፭ ቀን

ዛሬም ነገ አልሁት።

ጥቅምት ፲፰ ቀን

እህቱ መጣች። ሐኪሙ ሦስታችንን አስቀምጦ ተናገረ። እጥበቱ ከቀጠለ ጥቂት ወራት፣ ያውም በሥቃይ። ካቆመ ቀናት፣ ቢበዛ ሳምንታት። ልቡ ስለ ደከመ ንቅለ ተከላ አይታሰብም። «ምርጫው የእሱ ነው» ብሎ ወጣ።

«አባዬ፣ በቃኝ» አለ ልጄ።

«ነፍስህ የራስህ አይደለችም።»

«ማሽኑስ የማን ነው?»

«አባዬን እንዲህ ትመልስለታለህ?» አለች እህቱ።

«ተይኝ እስቲ፤ መከራከርን ያስተማረኝ እሱ ነው።»

ወደ ነፍስ አባቴ ሄድሁ። «ልጅዎ ራሱን አላጠፋም፤ የማይፈውሰውን ሕክምና ነው የተወው» አሉኝ። ለሌላ ሰው ቢሆን እኔም ይህንኑ እል ነበር። ታዲያ ለምን አልገባ አለኝ?

ጥቅምት ፳፪ ቀን

መጽሔቱን ሳይጠይቀኝ አነሣሁ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥሁ። እንደ ፊደል ቈጣሪ ልጅ ጣቴን ሥዕሉ ላይ አሳረፍሁ።

«በመጀመሪያው ገጽ ሕንጻው ትከሻው ላይ ነው። ጉልበቱ አስፋልቱን ሰብሮ ገብቷል። ሰዎች ከሥሩ እየወጡ ነው። አንዲት ሴት ጫማዋን በእጇ ይዛለች።»

«ጫማዋን ረስቼው ነበር» አለ።

«በሁለተኛው ካባው ተቀዷል። በሦስተኛው ፊቱ ብቻ ነው። ጭምብሉ ወልቋል… እንዴት ያለ ልጅ ነው!»

«ጥርሱን ነክሷል?»

በማጉያው አየሁ። «አልነከሰም።» ከካርቶኑ ሁሉ ጥርሱን ያልነከሰው እዚህ ብቻ ነው።

«ሰዎቹስ?»

«በአራተኛው የሉም፤ ወጥተዋል። ገጹ ሙሉ አቧራ ነው። መካከል ላይ እጁ ይታያል።»

«ምን ዓይነት እጅ?»

«የተዘረጋ።»

«ሰዎቹ ከወጡ ሕንጻውን እስከ መቼ ይሸከመው፣ አባዬ?»

አንድም ብዬ ጀመርሁ። ትርጓሜ አልመጣልኝም።

«ለነርሷ እደውላለሁ» አልሁት።

«ምን ብለህ?»

«አይመጣም ብዬ።»

ዓይኑን ጨፈነ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ፣ እንደ ባዕድ ሰው።

ጥቅምት ፳፬ ቀን

እጥበት ሳይሄድ ዋለ። ሁለት ኮሚክ ከመጀመሪያው ደግመን ጨረስን፣ ሥዕሉን ጭምር። የበረራው ድምፅ አልሆን አለኝ።

«ዉሽ በል እንጂ!»

ዉሽ አልሁ። በዚህ ዕድሜዬ! እስኪያስለው ድረስ ሳቀብኝ።

ኅዳር ፩ ቀን

እግሩ አብጧል። ትንፋሹ አጠረ። ቆረበ። እህቱ ከአጠገቡ አልጠፋችም። እኔ ግን አሁንም፣ ልደውል? ወደ እጥበቱ መልሱት ልበል? እላለሁ… አልደወልሁም።

ኅዳር ፬ ቀን

ዛሬ የተነገረ ነገር የለም። የሚታየውን እጽፋለሁ።

መስኮቱ ገርበብ ብሏል። መጋረጃው ወደ ውስጥ ይነፋል። እህቱ በሩን ተደግፋ ቆማለች፤ ጫማዋ በእጇ ነው፣ እንዳትቀሰቅሰው አውልቃው ገብታ ነበር። ካርቶኑ ወለሉ ላይ፣ ማጉያ መነጽሩ በላዩ። ፊቱ ወደ ብርሃኑ ዞሯል። ደረቱ ከፍ ዝቅ አይልም። ጥርሱን አልነከሰም። ቀኝ እጁ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ ተዘርግቷል።

የእኔ እጅ ከሥሩ ነው።