ደልዳላው አለ?

ግንቦት 3

ዝናብ ሲወርድ አደረ። ከአስፋልቱ እስከ በራችን ያለው ጥርጊያ መንገድ እንደገና ተቦርቡሯል። ውሃው መሃሉን ሰንጥቆ የራሱን ቦይ አውጥቷል። ታችኛው ኩርባ ጋ ድንጋዩ አግጥጧል።

ላሞቹን አለብኩ። የኩሽናውን ቧንቧ አጠበቅኩ። አሁንም ይንጠባጠባል… ባለቤቴ ብትኖር «አንተ ማጥበቅ የምታውቀው ክርክር ብቻ ነው» ትለኝ ነበር። ቤቱ ያለ እሷ ምላስ አይሞቅም።

ከሰዓት የተኛችበት ሆስፒታል ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። የጀርባዋ ቀዶ ጥገና ተሳክቷል። እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አምቡላንሱ ቤት ድረስ ያመጣታል። ግን አደራ፣ መንገጫገጭ የለም። አጥንቷን የያዙት ብሎኖች ከላሉ እግሯ ላይታዘዛት ይችላል።»

ወጥቼ መንገዱን አየሁት። በዚህ ላይ? ጤነኛ ሰው እንኳ ጥርሱን ነክሶ ነው የሚያልፈው።

ትራክተር አለኝ። ትንሽ ናት፣ አርጅታለች፣ ግን እሺ ባይ ናት። ከኋላዋ የሚታሰር መደልደያ ነው የጎደለኝ። ጠንካራ የሆነ፣ ኪሴንም የማያራቁት። አለ እንዲህ ያለ ነገር?

ግንቦት 5

ከተማ ወረድኩ። የእርሻ መሣሪያ ሱቁ ውስጥ ሁለት መደልደያ አለ። አንዱ ቀለሙ የሚያምር፣ ብረቱ የብስኩት ጣሳ። በጣቴ ሳንኳኳው ጮኸ። ሻጩ «ይሄ እኮ ጋሼ፣ ዕድሜ ልክ ነው» አለኝ። የማን ዕድሜ? የዝንብ?

ሌላው እውነተኛ ብረት ነው። ዋጋውን ስሰማ ግን ትራክተሬን ሸጬ እሱን ልገዛ እንደምችል ገባኝ። ከዚያ በምን እጎትተዋለሁ? ደግሞም ለእሷ ይከብዳታል። ከኋላ ሲነሳ የፊት ጎማዋ አየር ላይ ነው የሚንጠለጠለው።

ጎረቤቴ ሬዲዮ የራሱን አዋሰኝ። (ዝም ሲል ሰምቼው ስለማላውቅ ነው ሬዲዮ የምለው። በልቤ።) የእሱ ደግሞ ቀላል ነው፤ መሬቱን ይዳብሰዋል እንጂ አይቆርጠውም። ኩርባው ላይ አንድ ድንጋይ ነክቶ ጎበጠ። «ችግር የለም» አለ ሬዲዮ። ፊቱ ግን ችግር አለ ይላል።

ግንቦት 8

የሬዲዮን ዕቃ ላስቃና በያጁ ጋ ሄድኩ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየውና «ይሄማ መጥበሻ ነው» አለ።

የምፈልገውን ነገርኩት። መሬት የሚነክስ ክብደት ያለው፣ ግን ትንሽ ትራክተር የምታነሳው። ስለቱ በብሎን የሚፈታ፣ አንዱ ወገን ሲያልቅ በሌላው የሚገለበጥ። ከታሰረ በኋላ የማይወላገድ። በያጁ ሥራውን አቁሞ አዳመጠኝ።

«ከዓመታት በፊት ልክ እንዲህ ያለ ሠርቻለሁ። ከትልቅ ግሬደር አሮጌ ስለት ቆርጬ። የባለቤቱ ስልክ ይኸው… ደውልና ደልዳላው አለ? በል። ይገባቸዋል።»

ደልዳላው። ወደድኩት። ለእንዲህ ያለ ብረት ሌላ ምን ስም ይወጣለታል?

እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ደወልኩ። ሴት አነሳች። ብዙ ቀን ሳይተኛ የከረመ ሰው ድምፅ።

«ደልዳላው አለ?»

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

«አለ» አለች።

«ማንም አልወሰደውም?»

«ማን ይወስደዋል?»

«ይሠራል?»

«ጠዋት ጠዋት ይሠራል።»

ጠዋት ጠዋት? ሰነፍ ብረትም አለ እንዴ? ከሰዓት በኋላ ምን ሊሆን ነው?

«ልወስደው ነው የደወልኩት እትዬ። መንገዴ ተበላሽቶ። የምትመጣ ታማሚ አለችኝ።»

«ይወስዱታል? እውነትዎን ነው?» አለች። «እንግዲያውስ ይምጡ። ግን አንዴ ከወሰዱት አይመልሱት።»

«አልመልሰውም» አልኩ። ምን ገዶኝ።

ግንቦት 9

በትራክተሬ ሴትዮዋ ጋ ሄድኩ። እንዲህ ያለ ግቢ አይቼ አላውቅም። ከበሩ እስከ ቤቱ ደጃፍ መሬቱ ጠረጴዛ ነው። ዛሬ ጠዋት የተደለደለ ይመስላል፣ አፈሩ ገና እርጥብ ነው። የዶሮ ዱካ እንኳ የለበትም። መደልደያው ግን ጥግ ላይ፣ ቆርቆሮ ሥር ተኝቷል። ሣር በመሃሉ አልፎ አድጓል። ከዓምና ጀምሮ ከቦታው አልተነሳም። ታዲያ ግቢውን በምን…? መጠየቅ አፈርኩ።

ብረቱስ ግሩም ነው። ስለቱ ወፍራም፣ ብየዳው ያልተቆጠበበት፣ አንድም የተሰነጠቀ ቦታ የለው። ትራክተሬ ሳታቃስት አነሳችው። የፊት ጎማዋ መሬት እንደያዘ። ዋጋ ስጠይቅ «ያለዎትን» አለች። ያለኝን ሰጠሁ። ሳታየው ኪሷ ከተተችው። ሰው እንዲህ ያለ ዕቃ እንዲህ ይሸጣል? ደስ ሊለኝ ሲገባ ቅር አለኝ።

ሴትዮዋ ስታናግረኝ ሁሉ በአንቱታ ነው። ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ ውሃ ልስጥዎት። ሞተሩን አስነስቼ ከበሩ ስወጣ ግን ጠጋ አለችና፣

«ቀስ ብለህ ሥራ» አለች። «ብርድ እንዳይመታህ። ኮትህን ሳትይዝ ሄድክ።»

ኮቴን ለብሼ ነበር።

ዓይኗም እኔ ላይ አልነበረም። ከኋላዬ፣ ብረቱ ላይ ነበር።

እስከ ቤት ድረስ ትራክተሩ ከኋላ ከበደኝ፣ ሰው የተሳፈረበት ይመስል። ደጋግሜ ዞሬ አየሁ። ማንን አያለሁ ብዬ ነው? ጅል ሽማግሌ።

ግንቦት 11

ሠራሁ! መሬቱን ይነክሳል። ድንጋዩን ነቅሎ ወደ ዳር ይገፋል። ቦዩን ሞላሁት። ሬዲዮ አጥሩ ላይ ተደግፎ ሲያይ ቆየና ምንም ሳይናገር ሄደ። ለታሪክ ይመዝገብ።

አንድ ነገር ብቻ… የራሱ ሐሳብ አለው። እኔ ዝርግ አድርጌ መግፋት እፈልጋለሁ፣ እሱ መሃሉን ከፍ፣ ዳርና ዳሩን ዝቅ ማድረግ ይፈልጋል። ከመሪው ጋ ስታገል ዋልኩ። ደከመኝና ተውኩት። ዞሬ ሳይ መንገዱ ውሃ ወደ ሁለቱም ዳር እንዲወርድ ሆኖ ተሠርቷል። እኔ እኮ ይሄ በሐሳቤም አልነበረ።

ኩርባው ላይ ሳልደርስ መሸብኝ። ነገ።

ግንቦት 12

ኩርባው አልቋል።

እኔ አይደለሁም። ሞተሩን ዳሰስኩት፣ ቀዝቅዟል። የጎማ ዱካ የለም። ስለቱ ላይ ግን እርጥብ አፈር አለ። ሬዲዮን ጠየቅኩት። «እኔ? በነፃ?» አለኝ። ያሳምናል።

ላሞቹም ዛሬ ወተታቸውን ያዙ። ጋጣው ውስጥ ሁሉም ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ቆመው ነበር። ሰው ሲያልፍ እንደሚያደርጉት፣ አንገታቸው ቀስ እያለ በመንገዱ ሽቅብ ይዞራል። ተከትዬ አየሁ። ማንም የለም።

ግንቦት 14

መጻፍ አልፈለግኩም ነበር። ትላንት ጠዋት ከመኝታ ቤታችን መስኮት ሥር አንድ ቦታ ተደልድሎ አገኘሁ። ርዝመቱ የሰው ቁመት ያህል። ወርዱም ለአንድ ሰው የሚበቃ። ሣሩ ተልጦ፣ አፈሩ ተጠቅጥቆ፣ ልስልስ ብሎ። እሷ የምትተኛበት ክፍል መስኮት ሥር።

ዛሬ ትንሽ ሰፍቷል።

ምን እንደሚመስል አልጽፍም ብዬ ነበር። መቃብር ይመስላል። ይኸው ጻፍኩት።

ድንጋይ በጋሪ እያመላለስኩ ቆለልኩበት። ላቤ ጠብ እስኪል። ፈርቻለሁ። ለራሴ ቢሆን ምንም አልነበረ፤ ዕድሜዬን በልቻለሁ። እሷ ግን ቤቴ እገባለሁ ብላ ነው ያን ሁሉ ስቃይ የቻለችው።

ግንቦት 15

ድንጋዮቹ መስኮቱ ሥር የሉም። በመንገዱ ዳር ተደርድረዋል፣ ውሃው አፈሩን እንዳይበላው። ክር የተወጠረላቸው ይመስል አንዱ ካንዱ አይበልጥም። እኔ በሕይወቴ ሁለት ድንጋይ አቃንቼ አላውቅም።

ቦታው ዛሬም ሰፍቷል።

ግንቦት 17

የሬዲዮን መደልደያ ልቀበል በያጁ ጋ ሄድኩ።

«አገኘኸው? ሰውዬው ደህና ነው? ካየሁት ዓመታት ሆነኝ።»

«የቱ ሰውዬ?»

«ደልዳላው ነዋ!»

«ደልዳላው… ብረቱ አይደለም እንዴ?»

እስኪያስለው ሳቀ። «እኔ ለብረት ስም አወጣለሁ? ሰውዬው ነው እንጂ! ትከሻው በር የሚሞላ። ሥራውም እንደ ሰውነቱ ደልዳላ። በእነሱ ሰፈር ዙሪያ ያልሠራው ጥርጊያ መንገድ የለም።»

መሳቅ አቃተኝ። አንድ በአንድ መጣብኝ። አለ። ማን ይወስደዋል። ጠዋት ጠዋት ይሠራል። እሷ ስለ ባሏ ስታወራ፣ እኔ ስለ ብረት።

ከበሩ ሳልወጣ ደወልኩላት።

«እትዬ፣ ባለቤትዎ…»

«ዓምና በክረምት ነው ያረፈው። የሰው መንገድ ሲሠራ ትራክተሩ ተገለበጠበት። አልነገርኩዎትም እንዴ?»

«አለ ነው ያሉኝ!»

«አለ እኮ» አለች፣ ረጋ ብላ። «ጠዋት ጠዋት ግቢውን ሲደለድል እሰማዋለሁ። ስወጣ የለም። መሬቱ ብቻ ተደልድሎ ይጠብቀኛል። እንቅልፍ አጣሁ። ሰው ሁሉ ሞቱን ሰምቶ መደወል ተወ… እርስዎ ደውለው በስሙ ጠሩት። እወስደዋለሁ አሉ። እሱም ሰማ።»

ስልኩን ዘጋሁ።

ቤት እንደገባሁ ብረቱን ከትራክተሩ ልፈታ ሄድኩ። ቁልፉን ብሎኑ ላይ እንዳደረግኩ ስልኬ ጮኸ። ባለቤቴ ናት።

«ሐሙስ ያመጡኛል። መንገዱን ጨረስከው ወይስ እንደ ቧንቧው ነው?»

ስትስቅ ሰማኋት። ስንት ጊዜ ሆነኝ ሳቋን ከሰማሁ። ወዲያው ደግሞ ድምፅዋ ተለወጠ። «አደራህን። ፈርቻለሁ» አለች። እሷ ፈራሁ ስትል ሰምቼ አላውቅም።

«ደልዳላ ሆኗል፣ አይዞሽ» አልኳት። ቃሉ ካፌ ከወጣ በኋላ ሰቀጠጠኝ። ቁልፉን ወደ ሳጥኑ መለስኩት።

ግንቦት 19

ከጠዋት ጀምሮ ዶፍ ነው። በረንዳ ላይ ተቀምጫለሁ። ትራክተሯ እፊቴ ቆማለች፣ ሞተሯ ጠፍቷል። ከታች ከኩርባው በኩል ግን ይሰማኛል… ብረት አፈር ሲገፋ። ይቆማል። ይመለሳል። እንደገና።

ሄጄ አላየሁም። ዛሬ እንኳ አትቁም አልኩ በልቤ። ማንን ነው የለመንኩት?

ግንቦት 20

መጣች።

ዝናቡ አላቆመም፣ መንገዱ ላይ ግን አንድ ኩሬ አልነበረም። አምቡላንሱ ቀስ እያለ ወጣ። ዓይኔን ከጎማው ላይ ሳልነቅል ቆምኩ። አልዘለለም። አንዴ እንኳ። በሩ ጋ ሲደርስ ወደ መስኮቱ ታጠፈ፣ እዚያ በየቀኑ በሰፋው ደልዳላ ቦታ ላይ ገባ፣ ዞረ፣ የኋላ በሩን ልክ ደጃፋችን ላይ አደረገው።

ሹፌሩ ወርዶ ጨበጠኝ። «አባባ፣ ይሄን መዞሪያ ማሰብዎ! ይሄ ባይኖር ታች ላይ አውርደን በዚህ ጭቃ በቃሬዛ ነበር ይዘናት የምንወጣው። ብንወድቅስ?»

መዞሪያ። መቃብር ያልኩት መዞሪያ ነው። እኔ መንገዱን ሳስብ መኪናው መዞር እንዳለበት መቼ ትዝ አለኝ? ግድግዳውን ይዤ አለቀስኩ። ሹፌሩ በእሷ መምጣት መሰለው።

አልጋዋ ላይ ካደላደልናት በኋላ የእግር ጣቶቿን አንቀሳቅሳ አሳየችኝ። አሥሩንም። ከዚያ፣

«ከኋላችን ሲከተለን የነበረው ሰውዬ ማነው?»

«የቱ?»

«በኋላው መስታወት አየሁት፣ ከአስፋልቱ ጀምሮ። መሬት መሬት እያየ ነው የሚሄደው። ደልዳላ ሰውዬ። በዚህ ዶፍ ኮት እንኳ የለው። ምነው ግባ አትለውም፣ አንድ ነገር ቢቀምስ?»

ስሙን ማንም አልነገራትም።

«ሥራ ላይ ነው» አልኳት።

ሰኔ 14

በየቀኑ ይዘንባል። መንገዱ በየጠዋቱ ተሠርቶ ይጠብቀናል። ሞተር መዳሰስ ትቻለሁ። ላሞቹም ለምደዋል። ባለቤቴ በምርኩዝ እስከ በረንዳ ትወጣለች። ነገ ለምርመራ ይወስዷታል፣ በየሳምንቱም እስከ መስከረም። ሐኪሙ መንገጫገጭ የለም የሚለውን አልተወም።

ዛሬ ላሞቹን አልቤ ስመለስ ስልኬ ጮኸ።

«ደልዳላው አለ?»

ድምፅዋን አወቅኩት።

«አለ» አልኩ።

«ይሠራል?»

«ጠዋት ጠዋት ይሠራል።»

ስልኩን ይዤ መስኮቱ ጋ ሄድኩ።

«ግቢው ዝም አለ» አለች። «ሣር በቀለበት። እንቅልፍ የሚወስደኝ መስሎኝ ነበር እኮ… ይመልሱልኝ።»

በመስኮቱ አየሁ። ባለቤቴ ምርኩዟን ይዛ አንድ እርምጃ ትሞክራለች። ከእሷ ወዲያ መንገዱ።

«ክረምቱ ይለፍና አመጣዋለሁ እትዬ።»

ሳቀች ወይስ አለቀሰች፣ አልለየሁም።

«እሱም ሁልጊዜ ክረምቱ ይለፍና አርፋለሁ ነበር የሚለኝ» አለችና ዘጋች።

ወፍራሙን ኮቴን አውጥቼ ብረቱ ላይ ሰቀልኩለት።