ስለ ጠፉት አሥራ አንድ ደቂቃዎች

ኅዳር 9 ቀን 2009 ዓ.ም.
ሰበታ

ለተከበሩ አቶ ጌታቸው
በፋብሪካችን ዋና መሥሪያ ቤት የመረጃ ቴክኖሎጂ መምሪያ ኃላፊ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላው ቤተሰብዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ በሰበታው ፋብሪካ የሲስተም ክትትል ሠራተኛ የሆንኩት የሺወርቅ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ፤ መንገድ ሲከፈት ከቡራዩ ሰበታ እመላለሳለሁ፣ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ቤቴ ቁጭ ብዬ እጨነቃለሁ። ለእርስዎም ሰውነትዎ ብርቱ፣ እንቅልፍዎ ሰላማዊ፣ ስልክዎም ዘወትር ቻርጅ ያለው እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድኩት፣ በግል የጻፍኩልዎት ሦስት ደብዳቤዎች በሥራ ብዛትዎ ምክንያት ሳይነበቡ እንደቀሩ ስለተረዳሁ ነው። ጉዳዩ የጣቢታ ነው። ጣቢታ ከሆሳዕና የመጣች የሃያ አራት ዓመት ልጅ ስትሆን በመግቢያ በራችን ላይ ሠራተኛውንና መኪናውን በኮምፒውተር ትመዘግባለች። መስከረም 25 ቀን ከቀትር በኋላ የተቆጣ ሕዝብ ወደ ግቢያችን ገብቶ መጋዘኑ ሲቃጠል፣ በሩን በኮዷ የከፈተችው እሷ ናት ተብላ መስከረም 27 ቀን ተያዘች። ከተያዘች ዛሬ አርባ ሁለት ቀን ሆናት። የፊታችን ማክሰኞ፣ ኅዳር 13 ቀን፣ ጉዳይዋ ይታያል፤ በመዝገቡ ውስጥ በእሷ ላይ የቀረበው ብቸኛ የጽሑፍ ማስረጃ ደግሞ እርስዎ የፈረሙት ባለ አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው።

ሌሎች አንባቢዎች ግራ እንዳይጋቡ ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ፤ እርስዎም ቢያነቡት አይጎዳዎትም። የእኔ ሥራ ሲስተሞቻችን በሕይወት መኖራቸውን የሚከታተል አንድ ሶፍትዌር መጠበቅ ነው። ሶፍትዌሩ በየደቂቃው ይመዘግባል፦ የበሩ ሲስተም መልስ ሰጠ ወይስ አልሰጠም፣ ስንት ሰከንድ ፈጀበት፣ መቼ ሞተ፣ መቼ ተነሣ። የየደቂቃው መዝገብ ቦታ ስለሚይዝ አሥራ አራት ቀን ብቻ ይቀመጥና ይደመሰሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው የየሰዓቱ አማካይ ነው። መዝገቡ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ የመወሰን ሥልጣን ያለው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን እሱም እርስዎ ነዎት። እንዲሁም የበራችን ማግኔት፣ ሲስተሙ ሲሞት እንዲለቅ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ቃጠሎ ቢነሣ ሰው ውስጥ እንዳይታገት።

ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ፤ እርስዎ ቁጥር እንደሚወዱ ስለማውቅ።

አንደኛ። ጥቅምት 1 ቀን መንገዱ ተከፍቶ ሰበታ ስደርስ በቀጥታ ወደ ክፍሌ ገብቼ የዚያን ዕለት መዝገብ ከፈትኩ። በዓይኔ አየሁት። የበሩ ሲስተም ከቀኑ 7 ሰዓት ከ48 ላይ ሞቶ እስከ 7 ሰዓት ከ59 ድረስ አልተነሣም። አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ በስክሪኔ ላይ ያለው መስመር መሬት ላይ ተኝቷል። በእነዚያ ደቂቃዎች ጣቢታ ኮዷን ቀርቶ የልደት ቀኗን ብትጽፍ የሚሰማት አልነበረም፤ በሩ ራሱ ለቋል። ፎቶ ባነሣው ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር፤ ነገር ግን ወደ ክፍሉ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው የሚል፣ በእርስዎ ፊርማ የተለጠፈ ማስታወቂያ አለ። እኔም ሕግ አክባሪ ነኝና ስልኬን ለጥበቃ ሰጥቼ ገባሁ። ስለ ሕግ አክባሪነቴ ራሴን ይቅር ማለት አልቻልኩም።

ሁለተኛ። ጥቅምት 3 ቀን ስልክ ደውዬልዎት መዝገቡ ሊደመሰስ ስድስት ቀን ብቻ እንደቀረው፣ አንዲት ልጅ በዚህ ነገር እንደታሰረች፣ ስለዚህም የማቆያውን ጊዜ እንዲያራዝሙልን ለመንኩዎት። እርስዎም በተለመደ ቀልድዎ «አንቺ ደግሞ ከዚህ ቴሌቪዥንሽ ጋር!» ብለው፣ የክትትል ስክሪኔን ማለትዎ ነው፣ ስቀው፣ እስከ መቼ ይቆይ ብለው ጠየቁኝ። «እስከ ታኅሣሥ 2009 ይበቃል» አልኩ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔም ነው፤ አልክደውም። በእኛ አቆጣጠር ነግሬዎት ወደ ፈረንጅ መቀየሩን ለእርስዎ ተውኩት። እርስዎ ግን የነገርኩዎትን ሳይቀንሱ ሳይጨምሩ፣ በታማኝነት፣ 2009 ብለው ሞሉት። ሶፍትዌሩ ደግሞ የውጭ አገር ሰው ነው፤ ለእሱ 2009 ካለፈ ሰባት ዓመት ሆኖታል። የማቆያ ጊዜያቸው ያለፈባቸውን መዝገቦች ሁሉ በትጋት ፈልጎ፣ አንድ ሳያስቀር፣ በዚያው ከሰዓት ደመሰሳቸው። ሊሞት ስድስት ቀን የቀረውን መዝገብ በማራዘም ገደልነው።

አንዳንድ ሰዎች ሆነ ብለው ነው ያጠፉት ሲሉ ሰምቼ እጅግ አዝኛለሁ። ስምዎን ለመጠበቅ በየደረስኩበት ተከራክሬያለሁ። አቶ ጌታቸው እንዲህ ያለ ነገር አስቦ የሚሠራ ሰው አይደለም፤ አስቦ የሠራውን ነገር እስካሁን አይቼ አላውቅም ብዬ መስክሬላቸዋለሁ።

ሦስተኛ። ይህ ቅሬታ የማቆያ ጊዜው ስላለፈበት ተደምስሷል።

አራተኛ። ቃጠሎውን የሚያጣራው ኮሚቴ የሲስተም ማስረጃ ሲጠይቅ፣ መዝገቡ በስሕተት ጠፍቷል ብለው አንዲት መስመር መጻፍ ይችሉ ነበር። እርስዎ ግን የተረፈውን የሰዓት አማካይ አውጥተው፣ ሲስተሙ ከቀኑ 7 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ በአማካይ ሰማንያ ሁለት በመቶ በሥራ ላይ ነበር ብለው ጻፉ። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ደግሜ አስልቼዋለሁ። አሥራ አንድ ደቂቃ ውኃ ውስጥ ተደፍቆ የቆየ ሰውም በሰዓቱ አማካይ ሲታይ ሰማንያ ሁለት በመቶ ሲተነፍስ ነበር። ኮሚቴው ይህን አይቶ ሲስተሙ ይሠራ ስለነበር በሩን የከፈተው የልጅቷ ኮድ ነው ብሎ ደመደመ። ደብዳቤዎ ማኅተም አለው፣ ቁጥር አለው፣ መቶኛ አለው። ከዚህ ጋር የአንዲት በረኛ ለቅሶ ምን ሚዛን ይደፋል?

አምስተኛ። የበሩ ጠባቂ ኦቦ ገርባ፣ ያን ቀን ከጣቢታ አጠገብ የነበሩት ብቸኛ ሰው፣ ቀኝ እጃቸውን በፋሻ እንደጠቀለሉ ኮሚቴው ፊት ቀርበው «ኢሼን ሂን ባንኔ፤ ልጅቷ አልከፈተችም፣ በሩ ራሱ ነው የለቀቀው» ብለው ነበር። የሰው ቃል አይበቃም፣ እኛ የምንፈልገው የሲስተም ማስረጃ ነው ተባሉ። ኦቦ ገርባ አሁን መጋዘኑ በነበረበት ቦታ ላይ ድሮ ጤፍ ይዘሩ ነበር፤ ወደ ግቢው ከገቡት ልጆች ውስጥም የጎረቤቶቻቸውን ልጆች አይተዋል። ልጆቹ ስለ መሬታቸው ምን ያህል እንደተቆጡ ለመናገር ይህ ደብዳቤ አይበቃም። እሳቸው ግን ከማንም ጋር ሳይወግኑ ያዩትን ብቻ ተናገሩ። ያየ ሰው አልታመነም፤ ያላየ አማካይ ግን ታመነ። በዚህ ነገር እጅግ ተናድጃለሁ፤ በትሕትና ቃል ልሸፍነው ሞክሬ አልቻልኩም።

የጣቢታ እናት ከሆሳዕና መጥተው እኔ ቤት ቡራዩ አርፈዋል። በየጠዋቱ ምሳ ቋጥረው ይወጣሉ፤ አንዳንድ ቀን ያስገቡላቸዋል፣ አንዳንድ ቀን ይዘው ይመለሳሉ። ትናንት፣ ያ ማሽን የልጄን ነገር ጽፎ ነበር አይደል፣ ታዲያ የጻፈውን ማን አጠፋው ብለው ጠየቁኝ። እኔ የተማርኩት ሴት፣ በዘርፉ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት፣ ድስት የማጥብ መስዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ክቡር አቶ ጌታቸው፣ የምለምንዎት ከባድ ነገር አይደለም። እስከ ማክሰኞ ሁለት መስመር ይጻፉልን፦ የየደቂቃው መዝገብ በዓመተ ምሕረት አሞላል ስሕተት መጥፋቱን፣ ሰማንያ ሁለት በመቶ ማለት ሲስተሙ በዚያ ሰዓት ለአሥራ አንድ ደቂቃ አልነበረም ማለት መሆኑን። ስሕተቱን ከፈለጉ በእኔ ስም ያድርጉት፤ ዓመቱን የነገርኩዎት እኔ ነኝና እፈርማለሁ። ከሥራዬ ቢያሰናብቱኝም ቅር አይለኝም። ልጅቷ ትውጣ ብቻ።

እስከዚያው ላደረጉልን ሁሉ ምስጋናዬ ይድረስዎት። የዲስኩን ቦታ ስላስቆጠቡልን አመሰግናለሁ፤ አሁን ብዙ ባዶ ቦታ አለን። መረጃ ከሰው እንደሚበልጥ ስላስተማሩን፣ ከዚያም መረጃውን ስላጠፉልን አመሰግናለሁ። አንድ ቀን እርስዎም በሰው ፊት ሲቆሙ፣ የሚዳኙት በሕይወትዎ አማካይ እንዲሆን እመኛለሁ፤ በደቂቃ በደቂቃ ከሚሆን ያ ሳይሻልዎት አይቀርም።

ከማይደመሰስ አክብሮት ጋር፣
የእርስዎ ታዛዥ፣ ባለ ቴሌቪዥኗ
የሺወርቅ
በሰበታ ፋብሪካ የሲስተም ክትትል ሠራተኛ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ጨርሼ ሳለ ኦቦ ገርባ አንድ ጫፉ የተለበለበ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር በላስቲክ ጠቅልለው አመጡልኝ። ሲስተማችን በሳምንት ሦስት ቀን ስለሚጠፋ ጣቢታ የገባውን መኪና በእስክሪብቶ ትመዘግብበት የነበረ ነው። ኮሚቴው ሲያባርራቸው ማንን እንደሚያምኑ ስላላወቁ እስካሁን ቤታቸው ደብቀውት ኖሯል። ማክሰኞ ይዘነው እንሄዳለን። ይህ ደብተር አማካይ አያወጣም፣ ዓመተ ምሕረቱም የእኛው ነው። የመስከረም 25 የመጨረሻ መስመሮቹን እነሆ፣ እርስዎም አስቀድመው እንዲያውቁት፦

«7፡48 ሲስተም የለም። አቶ ጌታቸው ጋ ተደወለ፣ አያነሱም።
7፡51 በሩ ለቋል። አቶ ጌታቸው ጋ ተደወለ፣ አያነሱም።
7፡54 ከመንገዱ በኩል ብዙ ድምፅ አለ። አቶ ጌታቸው ጋ ተደወለ፣ ስልኩ ተዘግቷል። ኦቦ ገርባና እኔ በሩን በእጃችን ልንይዝ ነው።»