እናቴ ቤት ለመውለድ፣ በባቡር

ሐምሌ 11፣ ከቀኑ 7፡30

ዛሬም ባሌ ሳሚ ሻንጣውን ከአልጋ ሥር ጎትቶ አወጣ፤ እኔ መልሼ ገፋሁት። የሕፃን ልብስ፣ ፎጣ፣ የክትትል ካርዴ። ሦስቴ አስተካከልኩት። ያልተስተካከልኩት እኔ ነኝ።

መሄዴ ቁርጥ ሆኗል፣ ማስታወሻዬ። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው ይላሉ። የመጀመሪያ! እኔ ሁለተኛ ነው የምለው። እማዬ ድሬዳዋ የገንፎውን እህል አስፈጭታ ጨርሳለች። እሷ እንዳትመጣ ጉልበቷ እምቢ አለ፤ እኛ ደግሞ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነን። ሳሚም የፍ/ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ፍ/ቤቱ ለክረምት ሳይዘጋ ፈቃድ የለም። ስለዚህ ብቻዬን፣ ስምንተኛ ወሬን ይዤ።

ሐምሌ 13፣ ጠዋት

ሳሚ ለቡ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሄዶ ትኬት ቆረጠ። ፉርጎ 3፣ መስኮት አጠገብ። ሲያወራልኝ የባቡሩ ባለቤት ነው የሚመስለው። ጉድጓድ የለ፣ ጡሩምባ የለ፣ ሽንት ቤት አለ፣ ሲደክምሽ ተነስተሽ እግርሽን ታፍታቻለሽ። እውነቱን ነው። አውሮፕላኑ አይቀመስም፤ አውቶቡስን ደግሞ ስሙን አታንሱብኝ።

ግን ታክሲ ሲሆን «ወራጅ አለ» ይባላል፣ ይቆማል። እዚያ ለማን ይባላል? የታችኛዋ ጎረቤታችን ባለፈው ስትመለስ ከብት ሐዲድ ላይ ገብቶ በረሃ መሀል ቆመው እንደዋሉ ነገረችኝ። ለእኔ ይህን መንገር ምን የሚሉት ደግነት ነው?

ሐምሌ 15፣ ከሰዓት

ክትትል። የልጁ ልብ ምት ደህና። ሐኪሟ ባቡሩ ይሻልሻል አለች። ሆድሽ እየደጋገመ ከጠነከረ ግን ዝም እንዳትዪ አለችኝ። የምታውቅብኝ መሰለኝ።

ለአንተ ብቻ ልጻፈው። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ አውቶቡስ፣ ስድስተኛ ወር። ከአዳማ ጀምሮ ወገቤን ይቆርጠኛል። ዙሪያዬ ሁሉ ወንድ። ሾፌሩን አቁምልኝ ማለት አፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ጠየቀኝ፤ ደህና ነኝ አልኩት፣ ፈገግ ብዬ። ድሬ እስክንደርስ ስድስት ሰዓት ሙሉ ዝም። ልጄን ይሉኝታ በላብኝ። ሐኪሞቹ ቀድመሽ ብትናገሪም ላይተርፍ ይችል ነበር ብለዋል። አላመንኳቸውም። ሳሚ ዝም ማለቴን አያውቅም።

ሐምሌ 17፣ 2፡40፣ ባቡር ውስጥ

ልደታን ከመኪና ሳልወርድ ተሳለምኩ። ሳሚ እስከ ፍተሻው ሸኘኝ፤ ትኬት የሌለው ከዚያ አያልፍም። ማርያም በሽልም ታውጣሽ አለኝ፣ እንደ አሮጊት። ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ።

ይንሸራተታል! ጠርሙሴ ውስጥ ያለው ውሃ እንኳ አይናወጥም። ሁለቴ ሽንት ቤት ሄድኩ፣ ማንንም ሳላስቸግር። ፊት ለፊቴ ወ/ሮ ዘሃራ የሚባሉ ሐረር የሚሄዱ እናት አሉ፤ ቴምር ሰጡኝ። ከጎናቸው ሁለት ወንዶች ስለ መኪና ይከራከራሉ። ደስ ብሎኛል። ይህን መጻፍ ራሱ ያስፈራኛል።

7፡05

አዋሽን አልፈን ቆምን። ባቡሩ የሚሄድበት መብራት ሄዷል ተባለ። ኤሲው ጠፋ። ውጪ ግራርና አቧራ ብቻ፤ ቤት የለ፣ መንገድ የለ። ኔትወርክም የለም። ሆዴ ጠነከረ፣ አንዴ። ከሙቀቱ ነው።

7፡50

አሁንም እንደቆምን። ሆዴ ሲጠነክር ሦስተኛ ጊዜ። ወ/ሮ ዘሃራ ደህና ነሽ ወይ ልጄ አሉኝ። ደህና ነኝ አልኳቸው። ወይኔ! ያው ቃል፣ ያው ፈገግታ።

8፡05

አራተኛ። የባቡሩ ሠራተኛ ፉርጎው ጫፍ ላይ ቆማለች፤ ሃያ እርምጃ አይሆንም። ወንዶቹ ቢሰሙስ? ሰው ሁሉ ዞሮ ቢያየኝስ? ምንም ሳይሆን ቀርቶ በከንቱ ሰው ባሸብርስ?

ይሸበር። ይስሙ።

ወ/ሮ ዘሃራ ዓይናቸውን ጨፍነው መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ነው። ሲጨርሱ እነግራቸዋለሁ።

አይ። ሳይጨርሱ። አሁን።