ጥሩው ካፖርትና የመስኮት ቲማቲሞች

ኪሮቭ፣ ሜይ 29 ቀን 1984

ለምትናፍቂኝ ለካፓ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ልጃችን ሪማስ ከወለደች ወዲህ ሰውነቷ በረታላት? ትንሹ ግሌብ መሳቅ ጀመረ ብለሽኛል፤ በዚህ ዕድሜው በማን እንደሚስቅ ጠይቂልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ልማዱ ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ይነግረኛል እንጂ ሌላ ሕመም የለኝም።

ጥሩውን ካፖርትሽን፣ ባለ ፀጉር አንገትጌውን፣ በደቡቡ ባቡር አስተናጋጅ እጅ እንድልክልሽ ጽፈሻል። ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ ደጋግሜም አንብቤዋለሁ። በሜይ ወር ካፖርት የሚያስልክ ሰው መጪውን ብርድ የት ሊያሳልፍ እንዳሰበ ለማወቅ መማር አያስፈልግም። ወደ ካፖርቱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ቲማቲሞቹ ልንገርሽ፤ ነገሩ የተያያዘ ነው።

አዎ፣ ዘራኋቸው። ወደ ደቡብ ወደ ሪማ ስትሄጂ ጣቢያው ላይ «ዘንድሮ ተወው፣ አንተ አትችልበትም። መስኮትህም ይገለጥልሃል» ያልሽኝን አልረሳሁም። ዕድሜ ልኬን በየጸደዩ፣ ችግኝ በሞላበት በዚህ የወተት ካርቶን ሁሉ መንገዱን ማየት አልቻልኩም እያልኩ ስነጫነጭ የኖርኩት እኔ ነኛ! እነሆ መስኮቱ ተገለጠና መንገዱን አየሁት። ምንም የሚታይ ነገር የለውም ካፓ። ትራሙ ይሄዳል፣ ትራሙ ይመለሳል፤ እሱን ደግሞ ጡረታ እስክወጣ ስነዳው ኖሬያለሁ። ባዶ መስኮት ፊት ሻይ መጠጣት እንዲህ ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። በሳምንቱ የዘር ቆርቆሮሽን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረድኩት።

የራስሽን ትልልቆቹን፣ ሮዝ ቀለም ያላቸውን፣ ጋዜጣ ላይ ያደረቅሻቸውን ነው የዘራሁት። ሲበቅሉ ደስ አለኝና ብርድ እንዳያገኛቸው ከማሞቂያው አጠገብ አስጠጋኋቸው። ሙቀቱ በዛባቸው፣ ብርሃኑ አነሳቸው፤ ቀጥነው እንደ ሸንበቆ ተመዘዙ። ጸሐይ ስትወጣ ደግሞ ውጪውን ይልመዱ ብዬ ቀኑን ሙሉ ሰገነት ላይ አዋልኳቸውና ቅጠላቸው ተቃጥሎ ነጣ። አንቺ መጀመሪያ ለትንሽ ጊዜ ብቻ አውጥተሽ መልሰሽ ታስገቢያቸው እንደነበር ያስታወስኩት ኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ እንዳንቺ እያወጣሁ አስገባኋቸው። ምሳዬን ረስቼ የዋልኩበት ቀን አለ፤ እነሱን ግን አልረሳኋቸውም።

ከከተማ ውጪ ወዳለው አትክልት ቦታችን ስወስዳቸው ባቡሩ እንደምታውቂው ነበር፤ ሰው ሁሉ ችግኙን ጭኑ ላይ አድርጎ የሌላውን ችግኝ ያማል። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ አሮጊት የኔን አይተው አይተው፣

«እነዚህን ያሳደገቻቸው ሚስትህ ናት?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ያስታውቃሉ። እናት የሌላቸው ይመስላሉ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን እስክንወርድ ድረስ ችግኞቹን በእጄ ከልዬ ያዝኳቸው።

በዚያ ሰሞን ሙቀቱ ለጉድ ነበር። ልተክል አካፋ ሳነሣ ጎረቤታችን ዞያ አርኺፖቭና በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አደረገች።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ልታደርግ ነው? የአጥሩ ዛፍ፣ ቼርዮሙኻው፣ ገና አላበበም እኮ! እሱ ሳያብብ የተከለ ሰው ሁለቴ ይተክላል።»

«እኔ ትራም ስነዳ አበባ አስፈቅጄ አላውቅም።»

«ትራም ደግሞ ውርጭ ገድሎት አያውቅም» አለችኝ።

እልህ ያዘኝና ተከልኳቸው። እሷም እየሰደበችኝ መጥታ አሳየችኝ፤ እንዲህ የረዘመ ችግኝ ለካ ቁመቱን አስተኝተው፣ ጫፉን ብቻ ውጪ አስቀርተው ነው የሚቀብሩት። ከአፈር የገባው ግንድ ሁሉ ሥር ያወጣል። አንቺ እንዲህ ዓይነት ችግኝ አሳድገሽ ስለማታውቂ እኔም አይቼው አላውቅም ነበር።

አሁን ወደ ካፖርቱ። ደብዳቤሽ ሐሙስ ደረሰኝ። ዓርብ ካፖርቱን በንጹሕ አንሶላ ጠቅልዬ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩትና ይዤው ወደ አትክልቱ ሄድኩ፤ እሑድ ጠዋት ከዚያው ወደ ጣቢያ ወርጄ ለደቡቡ ባቡር ልሰጠው ነበር ሐሳቤ። ስደርስ ቼርዮሙኻው ግጥም ብሎ አብቧል። አጥሩ ሁሉ ነጭ ነው። ይህ ዛፍ ሲያብብ ብርድ ተመልሶ እንደሚመጣ በየዓመቱ ትነግሪኝ ነበር፤ እኔ በየዓመቱ ጋዜጣ እያነበብኩ ነበር።

ቅዳሜ ወደ ማታ ነፋሱ ቆመ፣ ሰማዩ ጥርት አለ።

«ዛሬ ውርጭ ይመታል» አለች ዞያ። «ያለህን ሁሉ አልብሳቸው።»

ያለኝን አለበስኳቸው። ብርድ ልብሴን፣ መጋረጃውን፣ የዝናብ ልብሴን አወጣሁ፤ ባልዲ ገለበጥኩባቸው፤ ለቀሩት ጋዜጣ ዘረጋሁ። በመጨረሻ አጥሩ ሥር ያለው መደብ ራቁቱን ቀረ። እዚያ ላይ ያሉት ከሁሉ የሚያምሩት ናቸው። ዞያ ይህን ስታይ በአገጯ ወደ ጎጆው ደጃፍ አመለከተች።

«እዚያ ቦርሳ ውስጥስ ምን አለ?»

«የካፓ ካፖርት ነው።»

«ጥሩው?»

«ጥሩው።»

«ምን ሊሠራ መጣ?»

«ነገ ይሄድላታል። ላክልኝ ብላለች።»

ቦርሳውንም ራቁቱንም መደብ ተራ በተራ አየች። ከዚያም፣ «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ። ካፖርቱም የሷ ነው፣ ቲማቲሙም የሷ ነው» ብላ ወደ ራሷ መደብ ዞረች።

ሁለቱም ያንቺ ከሆኑ፣ አንዱ አንዱን ቢያድን ምን ክፋት አለው አልኩ። ቦርሳውን ይዤ ጎጆው ገባሁ። ከዚያ አንሶላውን ፈትቼ ካፖርትሽን አወጣሁና በመደቡ ዙሪያ በተከልኳቸው እንጨቶች ላይ ዘረጋሁት፤ እጅጌዎቹን ግራና ቀኝ አወረድኳቸው።

ሲነጋ ሣሩ በውርጭ ነጥቷል፣ በበርሜሉ ውኃ ላይ ስስ በረዶ ተኝቷል። በጋዜጣ የሸፈንኳቸው ጠቁረው ወድቀዋል፤ እንግዲህ ጋዜጣ ማንበብ ብትተው ስትይኝ የነበረው እውነትሽን ነው። ካፖርቱን ማንሣት ለመጨረሻ ተውኩት። ሳነሣው ከሥሩ ሞቅ ያለ የአፈር ሽታ ወጣ። ችግኞቹ አንድም ሳይቀሩ ቆመዋል፣ ቅጠላቸው እንኳ አልታጠፈም። አለቀስኩ ብዬ አልጽፍልሽም። መሬት ላይ ቁጭ ማለቴን ግን ዞያ አይታኛለች። የደቡቡ ባቡር ሲያልፍ ከዚያው ሆኜ ሰማሁት።

ስለዚህ ካፖርቱ አልተላከም። ጫፉ ጭቃ ነክቶታል፣ አንገትጌው ውኃ ውስጥ የወደቀች ድመት መስሏል። እንዲህ ሆኖ በሰው እጅ አይላክም። ጎጆው ውስጥ ሚስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ፣ ቀስ ብሎ ይደርቃል። በኔ ግምት ቲማቲሞቹ ሲቀሉ፣ ኦገስት ላይ ደህና ይሆናል። አንገትጌውን ማበጠሩ ግን ያንቺን እጅ ይፈልጋል።

እዚያ ቲማቲም መስኮት ላይ አይለመንም፣ መሬት ላይ በትነውት ይበቅላል ብለሽኛል። ይብቀል። ሳይለምኑት የበቀለ ምን ጣዕም እንዳለው ቀምሰሽ ጻፊልኝ። ሪማም ልጁ እስኪጠና ትቆይ ማለቷ ስህተት የለበትም፤ ልጅ አያት ያስፈልገዋል። እኔ አታሳድጊው አልልም። ቤቱ ያላንቺ ጭር ማለቱን ብቻ እወቂልኝ፤ በአፌ ብዬው ስለማላውቅ ነው የጻፍኩት።

ግሌብን ግንባሩን ሳሚልኝ። ዕድሜው ይርዘም፣ እናቱንም ጤና አይንሳት። አንቺንም ከወገብ ሕመም ይሰውርሽ፤ ልጁን ቆመሽ አትሸከሚው።

ያንቺው ዬፊም

ፖስታውን ሳላሽገው አንድ ነገር፦ ዞያ ሳትጽፍልሽ እኔው ልቅደማት። ጎጆው ውስጥ አልጋው ሥር አሮጌው ምንጣፍ ተጠቅልሎ ነበር። ያን መደብ ሸፍኖ ይተርፍ ነበር። ረስቼው አይደለም ካፓ። እያየሁት ነው ካፖርቱን ያወጣሁት።