ለአባቦራ የተቀዳው የገና ኮክቴል

ጅማ፣ ቦሳ አዲስ
የካቲት 7 ቀን 2005 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ አባቦራ፣

አካም ጂርታ? ባለቤትህ ለጢፋስ ደህና ናት? ይኼን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ በገዛ እጄ። አስጽፎ ነው ብለህ እንዳትጠረጥር አስቀድሜ ነገርኩህ። የጎልማሶች የማታ ትምህርት ጨርሼ ከሃያ ስድስት ሰው ሁለተኛ መውጣቴን ሰምተሃል። አንደኛ የወጣችው ሴትዮ ድሮ አራተኛ ክፍል ደርሳ እንደነበር በኋላ ተደርሶባታል፤ ስለዚህ አንደኛ ነኝ ብል ብዙም አልዋሸሁ።

ሳቢሃ ልጄ፣ ለአባትሽ የምታነቢለት አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ። የመብራት ቢሉንም፣ የወንድሜንም ደብዳቤ በአጥር ላይ ተንጠልጥለሽ እያነበብሽልኝ ያደግሽ ልጅ ነሽ፤ አንድም ቀን ጨምረሽ ወይ ቀንሰሽ አታውቂም። ዛሬም አባትሽ ይከፋዋል ብለሽ ወይም ለእኔ አዝነሽ አንዲት መስመር እንዳታልፊ።

አባቦራ፣ ከገና ወዲህ እኔ አንተን ጠርጥሬሃለሁ፤ አንተም እኔን ጠርጥረኸኛል። ጥር አጋማሽ ላይ የስፌት መኪናህን አስጭነህ ወደ ሸቤ ስትሄድ ለሚስቴ ለሸዋረገጥ «ለቡና ለቀማ ነው» አልካት። እኔ ይኼን አምናለሁ? አሥራ ሁለት ዓመት በቡና መቀሸሪያ ጆንያ የተሸከምኩ ሰው ነኝ እኮ። ለቀማው አልቆ ሰው አውድማውን በሚጠርግበት ጊዜ የምን ለቀማ ነው? ለለቀማ የሚሄድስ ሰው የስፌት መኪና ምን ያደርግለታል፣ ቡናውን ሊዘመዝመው ነው? ስልክ ስደውል ደግሞ ሳቢሃ ታነሳና «አባዬ ሶላት ላይ ነው» ትለኛለች። ጠዋት በሦስት ሰዓት ደወልኩ፣ ሶላት። በአምስት ሰዓት ደወልኩ፣ ሶላት። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ አጥር ስንኖር አዛኑን ሰምቼ ነው ሰዓቴን የማስተካክለው። በሦስትና በአምስት ሰዓት አዛን ሰምቼ አላውቅም።

ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። አንተ የምታውቀው ግማሹን ነው፤ እኔም ግማሹን ያወቅሁት በቅርብ ነው።

በፈረንጆቹ ገና፣ ዘበኛ በሆንኩበት ሆቴል፣ ባርማኑ ኤልያስ ለዩኒቨርሲቲው እንግዶች አንድ መጠጥ አፈላ። አፈላ ነው የምልህ፣ እንደ ሻይ በድስት። ቀይ ወይን፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ። ሽታው በሩ ድረስ መጥቶ ከወንበሬ አስነሳኝ።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኩት።

«የበዓል ኮክቴል ነው፣ ጋሼ ለይኩን።»

«አሠራሩን ጻፍልኝ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ማን ሊያነብልዎት?»

ወረቀቱን ተቀብዬ እዚያው ፊቱ ቆሜ ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት። ቅርንፉድ ላይ ትንሽ ተንገዳገድኩ፤ እሱንም ቢሆን የኤልያስ የእጅ ጽሑፍ ነው ያሳተኝ። ዕድሜዬን ሁሉ ሰው በቃል የነገረኝን ስሠራ ኖሬ ያን ቀን ከወረቀት ያነበብኩትን ልሠራ ነው ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ወይኑን ተውኩት፤ የኛ አገር እያለ ምን በወጣኝ። በኛ ገና ዕለት ውኃ አፈላሁ። ዝንጅብል ወቀጥኩ፣ ኮረሪማ ፈለፈልኩ፣ ሁለት ስንጥር ቀረፋ፣ ሰባት ፍሬ ቅርንፉድ፣ የሦስት ብርቱካን ልጣጭ። ሲንተከተክ አውርጄ በንጹሕ ጨርቅ አጠለልኩት፣ ለብ ሲልም ማር ለቀቅኩበት። ማሩ አንተ ራስህ ከሸቤ ያመጣህልኝ ነው። ኤልያስ በስኳር ነው የሚሠራው፤ እሱን ስቀምስ አዘንኩለት። ከዚያ ለሁለት ከፈልኩት። ግማሹን እንዳለ ተውኩ፤ በግማሹ ላይ የሸዋረገጥ እናት የላኩትን አረቄ ጨመርኩበት።

አሁን ልብ ብለህ ስማኝ። ሸዋረገጥ ጎረቤት ከሆንንበት ዓመት ጀምሮ በበዓል ለእናንተ ብርዝ የምታቀርብበት ማንቆርቆሪያ ለብቻው ነው፤ እጀታው ላይ ቀይ ክር አሥራበታለች። አረቄ ነክቶት አያውቅም። አንተም ቤቴ ስትገባ ዓይንህ መጀመሪያ ክሩን ያያል፣ ከዚያ ትቀመጣለህ። አይቼሃለሁ፤ ግን አልተቀየምኩህም።

ዘንድሮ መጠጡ ትኩስ ሆኖ እንዲቆይ ብዬ ሁለት አዲስ ፔርሙስ ገዛሁ። መንታ ናቸው፣ አበባቸው እንኳ አንድ ነው። በአንዱ ላይ «አረቄ ያለው»፣ በሌላው ላይ «አረቄ የሌለው» ብዬ በወረቀት ጽፌ በሊጥ ለጠፍኩባቸው። ፊደሌ ቀጥ ያለ ነው፣ ብታየው ትደነቃለህ። ሸዋረገጥ ቀዩን ክር ይዛ መጣች።

«ይኼን ላሥርበት» አለችኝ።

«ክር የመሃይም ምልክት ነው» አልኳት። «ይኼ ቤት ከዛሬ ጀምሮ በጽሑፍ ነው የሚተዳደረው።»

ወንድሟ ተክለጻድቅ ቀድሞ መጥቶ ተቀምጦ ነበርና ሳቀ። ሌሎቹም እንግዶች ሳቁ። እሷ ክሩን መቀነቷ ውስጥ ከትታ ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ስምንት ሰዓት ላይ መጣህ። ለጢፋና ሳቢሃ ለሰርግ ወደ የቡ ከተማ ሄደው ነበርና ብቻህን ነበርክ። ዓይንህ ክሩን ፈለገ። «ዘመኑ የጽሑፍ ነው፣ ተቀመጥ» አልኩህ። አንተም የኛን ፊደል አታነብምና እኔን አምነህ ተቀመጥክ። ሸዋረገጥ ቀዳችልህ። አንድ ጊዜ ተጎነጨህና ቆምህ። ብርጭቆውን አየኸው፤ ከዚያ እኔን አየኸኝ።

«ለይኩን፣ ምንድን ነው ያደረግህበት?»

ሙያዬን ያደነቅህ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። «ጠጣውና ታገኘዋለህ» አልኩህ።

«ተው፣ ዱጋውን፣ እውነቱን ንገረኝ።»

«የሆቴል ሚስጥር ለልብስ ሰፊ አይነገርም።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አንተ ብርጭቆውን ቀስ ብለህ አስቀምጠህ ወጣህ። የግቢው ቧንቧ ሲከፈት ሰማሁ፤ ደጋግመህ ስትጉመጠመጥም ሰማሁ። ለሶላት እየታጠበ ነው አልኩ። ቀጥሎ የአጥሩ በር ተዘጋ። ሳትመለስ ስትቀር «የኔ ኮክቴል ለሁሉ አፍ አይሆንም» ብዬ እንግዶቹን እንደገና አሳቅሁብህ።

ያን ቀን በልብህ ምን እንዳልክ አሁን ይገባኛል። ይኼ ሰውዬ ቀልደኛ ነው፤ ዛሬ ደግሞ በሃይማኖቴ ቀለደ። እንዴት አትል? የቡ ሄደህ ሦስት ቀን በቆየህ ጊዜ ለሰፈሩ «አባቦራ ሐጅ ሄዷል» ብዬ አስወርቼ፣ ስትመለስ ሰው ሁሉ «ሐጂ፣ እንኳን ደህና መጡ» እያለ እጅህን የሳመህ በማን ምክንያት ነበር? ያኔ ሆድህን ይዘህ ስቀህ ይቅር አልከኝ። ግን ያንን የሠራ ሰው ይኼንንም አይሠራም ብሎ ማን ያምናል?

እኔ ግን ያኔ ምንም አልገባኝም። ኩራት ነው፣ ናቀኝ አልኩ። በአጥር ስታልፍ ሰላምታህ አጠረብኝ። ለጢፋ ከእኛ ቤት እሳት መጫር ተወች። ጊዜውም ሰው በሃይማኖቱ በጎሪጥ የሚተያይበት ነውና፣ አንድ ሰው መክሮባቸዋል፣ ከእነ ለይኩን ራቁ ተብለዋል እያልኩ በየቀኑ የመካሪውን ስም እቀያይር ነበር። ሦስት ሰው በከንቱ ጠርጥሬያለሁ፤ አንዱን እስከ ዛሬ ሰላም አልለውም።

አንተ ከሄድክ በኋላ ተክለጻድቅን መንገድ ላይ አገኘሁት።

«አንተ፣ ያ ኮክቴልህ ምኑ ነው ኮክቴል?» አለኝ። «ስድስት ብርጭቆ ጠጥቼ እንደ ቄስ ቀጥ ብዬ ቤቴ ገባሁ። የእናቴን አረቄ የት ደበቅኸው?»

እኔ የዚያን ዕለት ተረኛ ስለነበርኩ አልጠጣሁም። ስለዚህ መጀመሪያ ስድቡ ነው የተሰማኝ። ጥቂት እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ነገሩን አሰላሁት። ተክለጻድቅ የጠጣው ያንተን ከሆነ፣ አንተ የተጎነጨኸው የማንን ነው?

ተመልሼ ክሳዱን ያዝኩት። ፔርሙሱን ያቀያየርከው አንተ ነህ አልኩት። ዱሮም ዓይኑን አላምነውም ነበር። እየተጓተትን ቤቴ ደረስን፤ ሸዋረገጥ ከጓዳ ወጣች።

«ወንድሜን ልቀቀው። የቀዳሁት እኔ ነኝ።»

«ጽሑፉ እያለ?»

«ጽሑፉን ለማን ነው የጻፍከው?» አለችኝ።

አባቦራ፣ ሸዋረገጥ ፊደል አልቆጠረችም። ይኼንን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ግን በዚያ ቀን ከአእምሮዬ ወጥቶ ነበር። ሁለቱን መንታ ዕቃ ፊቷ አስቀምጬ፣ በእንግዳ ፊት መሃይም ብያት፣ ሂጂ ቅጂ አልኳት። የትኛው ነው ብላ እንዳትጠይቀኝ አፈረች። እኔ አርባ ዓመት ጋዜጣ በብብቴ ይዤ የዞርኩ ሰው፣ ደመወዝ ስፈርም ቀለሙን ከአውራ ጣቴ በምራቄ ስጠርግ የኖርኩ ሰው፣ ያ ሃፍረት ምን እንደሚያስደርግ ሳላውቀው ቀርቼ ነው? የማታ ትምህርቱን በጨረስኩ በወሩ ረሳሁት። አንዱን አንስታ በግምት ቀዳች። በኋላ አንተ ስትወጣ ባየች ጊዜ ልቧ ነግሯታል፤ ለእኔ ግን እንዳልስቅባት ፈርታ አልነገረችኝም።

ከዚህ የባሰውን ልናገር። ይኼ ደብዳቤ ሁለተኛው ነው። በመጀመሪያው «ጥፋቱ የሸዋረገጥ ነው፤ አለማወቋ ነው ያስቀየመህ፤ እኔ የለሁበትም» ብዬ ጽፌልህ ነበር። «አንብብልኝ» አለችኝ። ያንን ዘልዬ ሌላ ነገር፣ ሰላምታና ምርቃት፣ ከጭንቅላቴ እያወጣሁ አነበብኩላት። ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ገለባበጠችው።

«ሁለት ገጽ ሙሉ ነው የጻፍከው። ያነበብክልኝ ግን የአንድ ትንፋሽ ነው።»

ጓሮ ክፍል ለተከራየችው ተማሪ፣ ለሊያ፣ ይዛላት ሄደች። ሊያም እንዳለ አነበበችላት። ተመልሳ መጥታ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው።

«አንተ ማንበብ ሳትችል ስንት ሰው አነበበልህ፤ ማን ዋሸህ?» አለችኝ። ያንን ወረቀት ቀድጄ ይኼን ጀመርኩ።

የሰፈሩን ሼህም ጠይቄያለሁ፤ «አንድ የማውቀው ሰው» ብዬ። «ሳያውቅ የጠጣውን አላህ ይምረዋል» አሉኝ። «አውቆ ያጠጣው ግን...» ብለው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። እሳቸውም ጠርጥረውኛል።

እኔ ሆን ብዬ አላደረግሁትም። በሕይወቴ ብዙ የማልኩ ሰው ስለሆንኩ መሐላ አልጨምርልህም። በአምላክህ አልቀለድኩም፤ የቀለድኩት በሚስቴ ነው፤ ዋጋውን ያገኘኸው አንተ ነህ። አፍህን ባጠብክበት ሰዓት ከኋላህ ወጥቼ «ምን ሆንክ» ማለት ነበረብኝ። ሰው አስቄ ቀረሁ።

ይኼን ደብዳቤ የምታመጣልህ ሸዋረገጥ ናት። ፖስታ አላምንም ብላለች፤ የማታምነው ግን ፖስታውን ሳይሆን እኔን ነው። ሊያን አስነብባ፣ ሁለት ቦታ አሳርማኝ ነው የተቀበለችው። ሳቢሃ ስታነብልህ ፊት ለፊትህ ትቀመጣለች፤ ካወቀችው የተለየ ነገር ከሰማች እዚያው ትናገራለች።

እኔም ከእሷ ጋር እመጣለሁ፤ ወደ ቤትህ ግን አልገባም። ከመኪና ወርደን እሷ ወደ አንተ ስትሄድ እኔ እዚያው መናኸሪያው አጠገብ ካለው ሱቅ በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ። በእጄ ምንም አልያዝኩም። የምነግርህ ቀልድም የለኝም፤ ፈልጌም አጣሁ። እንድገባ ከፈቀድክ ሳቢሃን ላካት። ሸዋረገጥ ብቻዋን ስትመጣ ካየሁ ደግሞ ገብቶኛል፤ ምን አለሽ ብዬ አልጠይቃትም። ወደ ጅማ የሚመለስ መኪና በዘጠኝ ሰዓት አለ፤ እስከዚያ ድረስ ዓይኔ መንገዱ ላይ ነው።

በበረንዳው ላይ የተቀመጠው ወንድምህ፣
ለይኩን