ማት ደጃፍ ላይ ለምን ትቆማለህ?

አቡ ዓሪሽ፣ ጂዛን
ግንቦት 2014 ዓ.ም.

ውድ ገሪብ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ይህ ደብዳቤ የማታውቀው ፊደል ሆኖብህ ከሆነ ይቅርታ አድርግልኝ፤ ሰፈርህ ውስጥ አንድ ሐበሻ አታጣምና አሳየው፣ ያንብብልህ። እኔ ግን አንተው ራስህ ታነበዋለህ ብዬ ነው የምጽፈው። እስከ ዛሬ በዓረብኛ ስናወራ ከርመናል፤ አንተ «ያ ሸይኽ» እያልክ፣ እኔ ሳላርምህ። እኔ ሸይኽ ቀርቶ ወንድ እንኳ አይደለሁም። የወሎ፣ የወረባቦ ልጅ ነኝ፤ አቡ ዓሪሽ ውስጥ ማማ ሰፊያ የምትባል አሮጊት የማስታምም ሴት። አንተ በጨዋታው «ገሪብ»፣ ባይተዋር፣ እንደተባልከው፣ «ሰቅር» የሚለው የጭልፊት ስም የልጇ የዓሊ ነው። ዓሊ የየመን ድንበር ላይ ባለው ጡዋል ኬላ የጭነት መኪኖችን ወረቀት የሚያስጨርስ ሰው ነበር። ጦርነቱ ኬላውን ሲዘጋው ቤት ዋለ፤ ቤት ሲውል ቼዝ ጀመረ፤ ቼዙም ሲሰለቸው አሮጌ ታብሌቱን ከነስሙ ለእኔ ተወልኝ። እንግዲህ ከአምና ጀምሮ እየዘረርክ ላባዋን የምትነጫት ጭልፊት እኔ ነኝ።

«ወላሂ አታባብለኝ፣ ጉድለቴን ንገረኝ» ብለህ ደጋግመህ ጠይቀኸኛል። እኔም የጨዋታው የመልእክት ሳጥን ለሁለት መስመር እንጂ ለሰው ጉድለት አይበቃም እያልኩ ሳሾፍብህ ቆየሁ፤ ይህን ደብዳቤም እየቆራረጥኩ በዚያው ሳጥን ነው የምልክልህ። እውነቱ ሌላ ነው። ጉድለትህን ካነሳሁ ማን እንደሆንክ መጠየቄ አይቀርም፤ መጠየቁን ደግሞ ፈራሁት። አንድ ቀን «የት ነህ?» ብልህ ወር ሙሉ ጠፋህ። መጅሁል ሰው፣ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው ሰው፣ «የት ነህ?» ሲሉት ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። እኔም ወረቀት ሳይኖረኝ በር በተንኳኳ ቁጥር ከቁም ሳጥን ጀርባ የምገባ ሴት ነበርኩ። ስለዚህ ዛሬ የት እንዳለህ አልጠይቅህም። የምፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ ወደ መጨረሻው እነግርሃለሁ። መጀመሪያ የጠየቅከኝን ልመልስልህ።

ጎበዝ ነህ፤ ይሄ ማባበል አይደለም። የጨዋታ ደረጃህ ቁጥር ከሁለት ሺህ አልፏል፣ ዓሊም ስምህን ሲያይ «ይሄን ሰውዬ እኔ አልነካውም» ይላል። ከሁሉ የምወድልህ የወታደሮችህን አካሄድ ነው። አንዱን ለብቻው አውጥተህ አትጥለውም፤ ወንዝ እንደሚሻገሩ ልጆች እጅ ለእጅ አያይዘህ ነው የምታሳልፋቸው። ሰሌዳው ባዶ እየሆነ ሲመጣ፣ ሌላው ሰው ሲሰለችና ሲቸኩል፣ አንተ ያኔ ትጀምራለህ። ንጉሥህን በእግሩ አውጥተህ ከወታደሮቹ ጋር ታስኬደዋለህ። ይህን ትዕግስት ከየት አመጣኸው? ጥያቄው አይለቀኝም።

አጀማመርህ ግን ጉድ ነው። የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች በአንድ ትንፋሽ ነው የምትጨርሳቸው። እኔ ምን እንዳደረግኩ አታይም፤ ፈረሴን አፍንጫህ ሥር ባቆመው እንኳ አንተ ያሰብከውን ሰልፍ ከመደርደር አትመለስም። ዓሊ «የኔት ችግር ነው» አለ። እኔ ደግሞ ሥራ የሚያስቸኩለው ሰው ነው ብዬ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ግቢውን እየጠረግኩ ድንገት ገባኝና መጥረጊያውን ይዤ ብቻዬን ሳቅኩ። ማማ ሰፊያ ከውስጥ «ቢስሚላህ! ልጅቷን ምን ነካት?» ብላ ተጣራች።

አንተ እኮ ወረራ ላይ ነህ! አባታችን ቤት የምንጫወተው የጥንቱ ሰንጠረዥ ተራ ጠብቆ አይጀመርም። ሁለቱም ተጫዋቾች አንድ ላይ፣ እንደ እጃቸው ፍጥነት፣ ሠራዊታቸውን ይደረድራሉ። ተራ የሚባለው ነገር የሚመጣው የመጀመሪያው ዕቃ ሲበላ ነው። እስከዚያ ያለው ወረራ ይባላል። በወረራ ያደገ እጅ ነው እንዲህ የሚቸኩለው።

አባዬ የሚያጫውቱት ወንድሜን ጀይላንን ነበር። እኔ ከጎን ተቀምጬ ባቄላ እፈለፍላለሁ። ሁለት እጅ አንድ ሰሌዳ ላይ ሲተራመስ «እኔ ቀድሜ በላሁ፣ አንተ ቀድመህ በላህ» የሚል ጭቅጭቅ አይጠፋም፤ ያኔ አባዬ ወደ እኔ ዞር ብለው «ዳኛዋ፣ ማን ቀደመ?» ይሉኛል። እኔም ያየሁትን እፈርዳለሁ። ለተፈረደለት «ሐቅህ ነው» እለዋለሁ። ጀይላን የተፈረደበት ቀን እስከ እራት አያናግረኝም፤ እራት ሲቀርብ ግን ከእኔ ትሪ ነው የሚበላው። ታናሼ ነው፤ «እታለሜ» ነበር የሚለኝ።

ወደ ጉድለትህ ልመለስ። በግንብና በፈረስ ንጉሥ ይዞ ማት ማድረግ ትጸየፋለህ። ባለፈው ንጉሤን ጥግ አስይዘኸው ግንብህን አንዴ መሳብ ብቻ ቀርቶህ ነበር። አንተ ግን ትተኸው አንዲት ወታደር ልታመጣ ሰሌዳውን ዞርክ። እኔም አመለጥኩ። ዓሊ በትከሻዬ በኩል እያየ ነበር።

«ሀዳ መጅኑን፣ ይሄ እብድ ነው!» አለ። «ማቱ እዚያ ተቀምጦ የት ነው የሚሄደው?»

«ነውር ሆኖበት ይሆናል» አልኩት።

«የምን ነውር? ጨዋታ አይደል እንዴ! ያላ፣ አሸንፊው።»

ለዓሊ እንዴት አድርጌ ላስረዳው? አባዬ ዘንድ በግንብና በፈረስ መግደል የጉልበተኛ ሥራ ነው። ንጉሥ በወታደር ሲያዝ ነው አሸናፊው የሚመሰገነው። ይህ ወግ ጨዋታ እያስከፈለህ ነው፤ ግንብህን ምታበት፣ ታብሌት ላይ ማንም አይወቅስህም።

እስከዚህ ድረስ ልቤን ገታ አድርጌው ነበር። ሰንጠረዥ የሚያውቅ ሽማግሌ ወሎም፣ ሸዋም፣ ጎንደርም አይጠፋም፤ ከአንዱ ተምሮ ይሆናል አልኩ። ሦስተኛው ጉድለትህ ነው እንቅልፌን የወሰደው።

ማት ሊሆን አንድ እርምጃ ሲቀር ትቆማለህ። ሰዓትህ እየሮጠ፣ እጅህን አንስተህ ዝም ትላለህ። ሰዓትህ አልቆ የተሸነፍክባቸውን ጨዋታዎች ታስታውሳለህ? ሁሉም ያሸነፍካቸው ጨዋታዎች ነበሩ። መጀመሪያ ኔትህ ተቋርጦ መሰለኝ። በኋላ ግን ጠየቅኩህ፤ «ለምን ቆምክ?» አልኩህ። አንተም «ኸሊህ የሹፍ» ብለህ መለስክልኝ፤ ይየው፣ ተወው ይይ ማለትህ ነው። ታብሌቱን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ቀረሁ። ማማ ሰፊያ መድኃኒቷን ፈልጋ ብትጠራኝ ብትጠራኝ አልሰማሁም።

እኛ ቤት ልጅ አባቱን ከመሬት ተነስቶ ማት አያደርግም። ጀይላን አንድ እርምጃ ሲቀረው እጁን ከሰሌዳው ያነሳና «ይዩት» ይላል። አባዬ ጢማቸውን እያሻሹ ሰሌዳውን ያዩታል፣ ያዩታል። ከየት እንደሚመጣባቸው ሲያገኙት «አየሁት፣ ጨርሰው» ይላሉ። ልጁም ያኔ ይጨርሰዋል። ይህ የሰንጠረዥ ሕግ አይደለም፤ የአባዬ ቤት ሕግ ነው። ጎረቤታችን ሼህ ሙሐረም እንኳ «ይሄ ሰንጠረዥ ነው ወይስ ሽምግልና?» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። አባዬ ካለፉ ቆዩ። «ይዩት» የሚል ሰው ከእንግዲህ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው የሚኖረው። ታዲያ አንተን ማን አስተማረህ?

ወንድሜ በየመን በኩል ሲመጣ ነው የጠፋብን። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ከሰዓዳ ከተማ ነበር። የእኔም ስም ሰዓዳ ነው። «እታለሜ፣ ስምሽ ላይ ደርሻለሁ!» ብሎ ሳቀ፤ «በስምሽ ውስጥ ግን ተኩስ በዛ።» ከዚያ ድንበሩን በአል-ኹባ በኩል አቋርጦ ወደዚህ ሊገባ ነበር፤ የማማ ሰፊያ ቤተሰብ እንኳ በጦርነቱ ጥሎት የወጣው አገር። ሁለት ዓመት አለፈው። ከተርሒል፣ ወረቀት የሌለው ሰው እስኪባረር ከሚታጎርበት እስር ቤት፣ የወጣውን ሁሉ ጠይቄያለሁ። አንዱ አር-ሪስ ተራራ ላይ ፍየል ይጠብቃል አለኝ። አንዱ ወደ ሰነዓ ተመልሷል አለኝ። ሌላው ዓይኔን ሳያይ «አላህ ያውቃል» አለኝ።

አንተ ጀይላን ነህ ልል አፌ ላይ ይመጣና ጨዋታህ ይመልሰኛል። ጀይላን ፈረስ ሲበላበት ዓይኑ እንባ ያቀር ነበር፤ አንተ ፈረስህን እንደ ሳንቲም ዝርዝር ትሰጣለህ። ጀይላን ዕቃው ሲያልቅ «በቃ እኩል ነን» ብሎ ሰሌዳውን የሚገለብጥ ችኩል ነበር፤ አንተ በሁለት ወታደር ፀሐይ እስክትጠልቅ ትቀመጣለህ። ሰው እንዲህ ይለወጣል? ፈረሱን እንደዚያ የሚወድ ልጅ ምን ቢያይ ነው እንዲህ የሚሰጠው? ወይስ አንተ ሌላ ሰው ነህ? ምናልባት እሱ ተርሒል ውስጥ ካርቶን ላይ ሰሌዳ ሥሎ፣ ከዳቦ ፍርፋሪ ንጉሥ ሠርቶ ያስተማረህ ጓደኛው ነህ? እንደዚያም ከሆነ አንተን ማወቅ እፈልጋለሁ። ሲያስተምርህ ይስቅ ነበር? እያሳለው ነበር? ስትረታው አኮረፈህ?

ደግሞ አንድ ነገር አለ። በየጨዋታው መጨረሻ «ሐቅህ ነው» እያልኩ እጽፍልህ ነበር፤ የድሮ የዳኝነት ልማዴ ነው። አንድ ቀን «እንዲህ የሚል ሰው አውቅ ነበር» አልከኝ። ጉድለቴን ንገረኝ ማለት የጀመርከው ከዚያ ቀን በኋላ ነው። እኔ አንተን ሳጠና አንተም እኔን ስታጠናኝ ከርመህ ይሆን?

አሁን ለምን እንደቸኮልኩ ልንገርህ። እናታችን ባለፈው ሰሞን ደወለችልኝ።

«ልጄ፣ ሰዉ ሰደቃውን አውጪለት እያለኝ ነው» አለችኝ። «ሁለት ዓመት የሞተ እንጂ የኖረ ዝም አይልም ይሉኛል። ለጁምዓ ድንኳን እንትከል ብለዋል።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«እኔማ ምን አውቃለሁ የኔ ዓለም። ብቀመጥ በቁሙ የገደልኩት ይመስለኛል፤ ባልቀመጥ ነፍሱን ያስራብኩት ይመስለኛል። አባትሽ ዳኛዋ ይሉሽ አልነበር? አንቺ ፍረጂልኝ።»

እስከ ጁምዓ ታገሺኝ አልኳት። ያላየሁትን ፈርጄ አላውቅም። ያለኝ ማስረጃ አንተ ብቻ ነህ፤ የአንተ ጉድለት።

እና ደግሞ ሰሌዳው አለ። የጀመርነው፣ ለአንድ እርምጃ ቀናት የሚሰጠው ጨዋታ ላይ ተራው ያንተ ነው፤ ንጉሤ ማት ሊሆን አንድ እርምጃ ቀርቶታል። በወታደርህም ይሆናል፣ በግንብህም ይሆናል። አንተ ግን እንደ ልማድህ ትናንት እጅህን አነሳህ። ነገ ከዐስር ሰላት በፊት ካልተንቀሳቀስክ ሰዓትህ ያልቃል፤ ይህንንም በይሉኝታ ልትሸነፈው ነው።

እንግዲህ ፍርዴን ስማ። ወረራውን ተው፤ የሰው እጅ እያየህ ጀምር። ግንብህን አትፈር። ሦስተኛውን ግን፣ ስንት ጨዋታ ቢያስከፍልህም፣ እባክህ አታሻሽለው።

የት እንዳለህ አትጻፍልኝ። ስምህንም አትጻፍ። ጀይላን ከሆንክ በወታደሩ ጨርሰው። ጀይላን ካልሆንክ፣ እሱ ያስተማረህ ሰው ከሆንክ፣ በግንቡ ጨርሰውና ስትችል የምታውቀውን ንገረኝ፤ መራራም ቢሆን እሰማዋለሁ። ዝም ካልክ ለእማ ምን እንደምላት አላውቅም። ታብሌቱን ወጥ ቤት ከፊቴ አቁሜዋለሁ። በዕድሜዬ መሸነፍ እንዲህ ናፍቆኝ አያውቅም።

ንጉሤን አየሁት። ወታደርህንም ከነቆመበት አየሁት።

አየሁት፣ ጨርሰው።

ዳኛዋ