በረዶው ሲያቆም

ነሐሴ 11፣ ማክሰኞ

ዛሬ ከሰዓት ግቢው በበረዶ ነጭ ሆነ። ለሰፈሩ ሰርግ ግጥም መጻፍ ከተውኩ፣ ልጄም አግብታ አቦምሳ ከሄደች ወዲህ፣ ክረምቱን የማወራው ከግድግዳ ጋር ነው። በረዶው ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ማን ይሰማኛል ብዬ ለልጄ ሰርግ ጀምሬ ያልጨረስኩትን ግጥም ጮክ ብዬ አልኩት። በረዶው ድንገት ቀጥ አለ። የእኔ ድምፅ ብቻ ቀረ። አፍሬ አፌን በእጄ ያዝኩ።

ከአጥር ማዶ ጎረቤቴ ሐሊማ፣ «አንቺ፣ ምነው አቋረጥሽው? ጨርሺው እንጂ» አለችኝ።

«መጨረሻ የለውማ።»

«እንግዲያው ፈልጊለት። ነገ መጥቼ እሰማዋለሁ፤ እኔም ቤት ሰው የለም።»

ደስ ብሎኝ ይኸው እስክሪብቶ ይዤ ተቀምጫለሁ። እስካሁን የመጣልኝ አንድ ስንኝ ነው፤ እሱም ስለ ልጄ ሳይሆን ስለ ሐሊማ።